ሳይሞረድ የገባ ፈርጥ

አንጥረኛው ሚዛኑን አየ፤ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገና ደግሞ አየ። ከዚያ "ኧረ ተዘረፍኩ! ኧረ የሰው ያለህ!" ብሎ ሲጮህ መንገድ ማዶ ካለው ፋርማሲ ወረፋ የያዙ ሰዎች ተራቸውን ትተው ወጡ።

ኢንስፔክተሩ ሲደርስ ጩኸቱ አልቆ ወደ እርግማን ተሸጋግሯል። ኢንስፔክተሩን ባልደረቦቹ "ቀስ በቀስ" ይሉታል። ሲራመድ ቀስ፣ ሲጠይቅ ቀስ፣ ሻይ ሲያማስል እንኳ ስኳሩን የሚያባብል ነው የሚመስለው። አብራው የምትሠራው ሳጅን ግን እግሯ መሬት አይነካም፤ "አለቃ፣ አንተን ስጠብቅ እኮ ሸበትኩ" ትለዋለች። "ያምርብሻል" ይላታል፤ ቢሆንም አይቸኩልም።

ወርቅ ቤቱ ጠባብ ነው። ከፊት የመስታወት መደርደሪያ፣ ከኋላው ካዝና፣ ከካዝናው ወዲያ አንገቱን የቀለሰ መብራት ያለበት የሥራ ጠረጴዛ። እዚያ ጠረጴዛ አጠገብ ፈርጥ ተካዩ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ዕድሜውን ሙሉ ቀለበት ላይ ድንጋይ ሲተክል ስለኖረ ቀና ሲል እንኳ ያጎነበሰ ይመስላል። ሰፈሩ "ጎንበስ" ይለዋል፤ እሱም አቤት ይላል።

"እስቲ ከመጀመሪያው አጫውተኝ" አለ ኢንስፔክተሩ ወንበር ስቦ።

"ማጫወት! ጨዋታ መሰለህ እንዴ?" አንጥረኛው ደረቱን መታ። "በል ስማ። ባሏ የሞተባት አንዲት ልብስ ሰፊ አለች። ባሏ ድሮ ሲያጫት የሰጣት ቀለበት ነበራት። ወርቁ ደህና ነው፤ አልማዙ ግን ወድቆ ከጠፋ ስንት ዘመኑ። አሁን ልጇ ሊያገባ ነው። 'በእናቴ ቀለበት ነው የማገባት፣ ምትክ አልማዝ ፈልግልን' አለኝ። ቀለበቱን ባለፈው ሳምንት ለጽዳት ተቀበልኩ። ትናንት ከሰዓት ሊመርጡ ሦስቱም መጡ፤ እናት፣ ልጅ፣ እጮኛ።"

"እንዴት ነው የሚመረጠው?"

አንጥረኛው ለአንድ አፍታ መዘረፉን ረሳ። "ለአሮጌ ቀለበት አልማዝ መምረጥ ቲማቲም መምረጥ አይደለም ወንድሜ። የዛሬው በማሽን የተጠረበው ይንቦገቦጋል። አሮጌ ወርቅ ላይ ስታስቀምጠው ግን እንደ ሰው ሠራሽ ጥርስ ከሩቅ ያስታውቃል። ስለዚህ በእጅ የተጠረቡ፣ ትንሽ ቢጫ ቢጫ የሚሉ ሦስት አሮጌ ድንጋዮች ፈልጌ ነጭ ወረቀት ላይ ደረደርኩላቸው። ልጅቷ መሃለኛውን መረጠች። ጎንበስ በሰም አጣብቆ ቀለበቱ ላይ አስቀመጠላት።"

"በሰም?"

"እንዲያዩት ነዋ! ከተተከለ በኋላ 'አልወደድኩትም' የለም። በሰም ታጣብቃለህ፣ ጣታቸው ላይ ያዩታል፣ ከተስማሙ ትተክላለህ። ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። እናትየዋ በቀን ብርሃን ልየው ብላ መስኮቱ ጋ ወሰደችው፣ ልጁም አየው፣ ልጅቷም ደግማ አየችው፣ ተስማሙ። እንዳለ ጠቅልዬ ካዝና ቆለፍኩበት። ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው ያደረው። ዛሬ ጠዋት በገዛ እጄ ለጎንበስ ሰጠሁት። ሰሙን አጥቦ ሊተክል ሲል 'አምጣው ልመዝነው' አልኩ። ድንጋይ ስገዛ እመዝናለሁ፣ ከመተከሉ በፊትም እመዝናለሁ፤ አባቴ ያስለመደኝ ነው። ቀለለብኝ! ከኔ እጅ አልማዝ ወጣ፣ ከሱ እጅ መስታወት ተመለሰ። ሌላ ምን ምርመራ ያስፈልገዋል?"

ኢንስፔክተሩ ወደ ጎንበስ ዞረ። "አንተስ?"

"እኔ የተሰጠኝን ነው ያጠብኩት ጋሼ።" ጎንበስ ምራቁን ዋጠ። "አንድ የገረመኝ ነገር አለ። መናገሩ ሳይጎዳኝ አይቀርም።"

"ተናገረው ግዴለም።"

"ድንጋዩ ሳይሞረድ ገባ። ማንኛውም ድንጋይ ወገቡ፣ ዙሪያው ማለቴ ነው፣ የራሱ ልክ አለው። አዲስ ድንጋይ አሮጌ ቀለበት ላይ ሲገባ መቀመጫውን በልኩ መሞረድ የግድ ነው። ሞረዴን አዘጋጅቼ፣ እስቲ ልየው ብዬ ሳስቀምጠው ዝም ብሎ ገባ። እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞኝ አያውቅም።"

"ሰማኸው?" አንጥረኛው ብድግ አለ። "ቀለበቱ እኮ ሳምንት ሙሉ እሱ ጠረጴዛ ላይ ነበር! መስታወቱን በልኩ አስጠርቦ ሲጠብቀኝ ነበራ! በገዛ አፉ!"

ሳጅኗ ኢንስፔክተሩ ላይ ዓይኗን አፈጠጠች፤ ይኼው አለቀ ማለቷ ነው። ነገሩ እውነትም ያለቀ ይመስላል።

ኢንስፔክተሩ ድንጋዩን በወረንጦ አንስቶ ወደ መብራቱ አስጠጋው። የደበዘዘ ነው፤ ቅባት የነካው መነጽር ይመስላል። "በመሣሪያ ፈተንከው?"

"መስታወት ለመለየት እኔ መሣሪያ ልፈልግ? ዓይን የለኝም?"

ኢንስፔክተሩ ድንጋዩንና ቀለበቱን ፖስታ ውስጥ ከተተ። ጎንበስን ይዞ ከመሄድ ሌላ ምርጫ አልነበረውም፤ ክሱ ቀርቧል፣ ጠዋት ድንጋዩን የነካው እሱ ብቻ ነው፣ ነገ ደግሞ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። መንገድ ላይ የፋርማሲው ወረፋ በሙሉ ቆሞ አያቸው። ጎንበስ መኪናው ውስጥ ገብቶ እጆቹን ገለባብጦ ተመለከታቸው።

"ብፈታ እንኳ ጋሼ" አለ፤ "ከእንግዲህ ማን ድንጋይ ያስነካኛል?"

ሳጅኗ የመኪናውን በር ቀስ ብላ ዘጋችለት።

እጮኛዪቱ ሰው ሠራሽ ጥርስ ትሠራለች። የምትሠራበት ክፍል ነጭ ነው። ጠረጴዛዋ ላይ ጥቃቅን ሞረዶች፣ ጥቃቅን ወረንጦዎችና በምድጃ ላይ የሚቀልጥ ሰም ተደርድረዋል። ሳጅኗ ሰሙን ስታይ የኢንስፔክተሩን ክርን ነካች።

"ድንጋዩን መለወጥ ብፈልግ እችላለሁ፤ እሱን ነው መጠየቅ የፈለጋችሁት?" አለች ልጅቷ ጓንቷን እያወለቀች። "መልሼም በሰም ላጣብቀው እችላለሁ። ግን የኔን ሰም እዩት፤ ቀይ ነው። የዚያ ሰውዬ ቢጫ ነበር።"

ሳጅኗ ጎንበስ ሰሙን ያጠበበትን ሳህን ጠዋት አይታዋለች፤ ቢጫ ነበር። ሌላ ቀለም አልነበረበትም። ቅር አላት፤ ግን በፊቷ አላሳየችም።

"ምርጫው ላይ ምን ተሰማሽ?" አለ ኢንስፔክተሩ።

"ባዶውን ወድጄው ነበር።" ልጅቷ ፈገግ አለች። "የሱ እናት ያን ባዶ ቀለበት ዕድሜዋን ሙሉ አድርጋዋለች። ድንጋይ የሚይዙት አራት የወርቅ ጥፍሮች ምንም ሳይዙ ቀጥ ብለው ቆመው ታየኝና አሳዘነኝ፤ ደግሞም ወደድኩት። እሱ ግን 'አባቴ ሊያስገባላት ሲመኝ የሞተውን እኔ አስገባለታለሁ' ብሎ ተነሳ። ለዚህ ድንጋይ ብሎ ከሥራው ሌላ ማታ ማታ ታክሲ ይነዳል። እንዴት እምቢ ልበለው?"

"እናቱስ?"

"እማማ? መስኮቱ ጋ ጀርባዋን ሰጥታን አንገቷን ደፍታ ቆየች። ባሏን አስታውሳ ነው ብዬ ዞር አልኩላት፤ ብታለቅስ እንዳታፍር።"

ወደ መኪናው ሲመለሱ ሳጅኗ "ይህቺ ልጅ ንጹሕ ናት፤ አበሳጨችኝ" አለች።

የልብስ ሰፊዋ ቤት መስኮቱ ሰፊ ነው፤ የስፌት መኪናዋ መስኮቱ ሥር ነው ያለው። ቁርጥራጭ ጨርቅ በቀለም በቀለሙ ታጥፎ መደርደሪያውን ሞልቶታል። ልጇም ከእሷ ዘንድ ነበር፤ ወፍራም፣ ገራም፣ ሲቀመጥ ወንበሩን የሚያስጮህ ወጣት። እናትየዋ ፀሐይ እየገባላት አሮጌ ግራጫ ኮቷን ለብሳ ተቀምጣለች።

"ሊወጡ ነው እንዴ እማማ?" አለ ኢንስፔክተሩ።

"ኧረ የት ልሄድ ልጄ። ብርድ ብርድ ብሎኝ ነው።"

"እናቴ ከትናንት ጀምሮ ልክ አይደለችም" አለ ልጁ። "መሰረቁን ስትሰማ ደግሞ ባሰባት። ጋሼ፣ አንተ የዚህን ቀለበት ታሪክ አታውቅም።"

"ተወው አንተ ደግሞ" አለች እናቱ።

"ለምን ተወው? ላውራለት እንጂ!" ልጁ ወንበሩን አስጮኸው። "አባቴ ሰዓት ሠሪ ነበር። ሲበዛ ዝምተኛ፤ ሰዓቶቹ እንኳ ከሱ የበለጠ ያወራሉ። ከተጋቡ ገና ዓመት ሳይሞላቸው ድንጋዩ ይወድቃል። አባዬ ማታ ከሥራ ሲገባ ጣቷን ያያል። ቀለበቱን ከጣቷ አወለቀና ዓይኑ ላይ የሚሰካትን ማጉያ አድርጎ አገላብጦ አየው። ምንም ሳይል መልሶ አደረገላት። ከዚያ ተንበረከከ! አልጋ ሥር፣ ቁም ሳጥን ሥር፣ በጉልበቱ። በማግሥቱ የመታጠቢያውን ቱቦ ፈታ። በሦስተኛው ቀን የጎረቤቱን ቱቦ አስፈታ። ሳምንት ሙሉ! ደግሞ እየፈለገ ያወራት ነበር አሉ፤ ያ ድዳ የሚመስል ሰው! እሷ ናት የነገረችኝ። እኔ ሰው ሲወድ እንዴት እንደሚሆን የማውቀው ከዚህ ነው ጋሼ።"

እናትየዋ ጨርቅ አንስታ አጠፈች፤ ፈታችና መልሳ አጠፈች።

"ያ ሠራተኛ" አለች ቀና ሳትል። "ያ ጎንበስ ያለው። አሠራችሁት?"

"ማረፊያ ቤት ነው ያለው።"

"ይሄን ብርድ! የሚለብሰው አለው?"

ኢንስፔክተሩ አያት። ኮቷ ከድሮ ጀምሮ በጥሩ እጅ የተያዘ ነው። ቁልፎቹ በዚያው በግራጫው ጨርቅ የተለበጡ ናቸው፤ ልብስ ሰፊዎች በቆርቆሮ ላይ ጨርቅ ወጥረው እንደሚሠሩት ዓይነት። አምስቱ ጠርዛቸው አልቆ ነጣ ብሏል። ከላይ ሁለተኛው ግን አዲስ ልባስ አለው፤ የተሰፋበትም ክር ገና ያብለጨልጫል። ኢንስፔክተሩ አየውና አለፈው። ልብስ ሰፊ ሴት ቁልፏን ብታድስ ምን ይገርማል?

ከሰዓት በኋላ ኢንስፔክተሩ ቢሮው ሻዩን ሲያማስል ሳጅኗ በሩን በርግዳ ገባች።

"አለቃ፣ ስማ! ለጎንበስ ሰው መጥቶለት ነበር። የሾርባ ፔርሙዝና በእጅ የተሰፋ ብርድ ልብስ ሰጥታ፣ ስሟን ሳትናገር ሄደች። ዘመድህ ናት ወይ ስለው 'ከትናንት በፊት አይቻት አላውቅም' አለኝ። ያቺ ልብስ ሰፊ ናት!"

የኢንስፔክተሩ ማማሰያ ቆመ። "የተዘረፈው የልጇ አልማዝ ነው አይደል? ለሌባው ሾርባ ታመጣለች?"

"ደግ ሆና ይሆናል።"

"ደግ ሰውማ መጀመሪያ ይረግማል፤ ከዚያ ነው የሚያዝነው። እሷ አንዴም አልረገመችም።" ኢንስፔክተሩ ተነሳ፤ ያውም ቶሎ። ሳጅኗ ደንግጣ ከበሩ ዞር አለችለት።

ወርቅ ቤቱ ውስጥ ኢንስፔክተሩ ፖስታውን መደርደሪያው ላይ አስቀመጠ። "ፈትነው።"

"ምኑን? ነገርኩህ እኮ መስታወት..."

"ለኔ ስትል።"

አንጥረኛው እያጉረመረመ ድንጋዩን በአልኮል አጠበ። ሲያጥበው ቅባቱ ለቀቀ፤ ማጉረምረሙም እየቀነሰ ሄደ። እስክሪብቶ የምታክለውን መፈተኛ አምጥቶ ጫፏን ድንጋዩ ላይ አሳረፈ። መፈተኛዋ ጮኸች። ሌላ ቦታ ነካው፤ አሁንም ጮኸች። አንጥረኛው ከኋላው ወንበር ይኑር አይኑር ሳያይ ተቀመጠ፤ ደግነቱ ነበር።

"አልማዝ ነው" አለ ድምፁ ጠፍቶ። "በእጅ የተጠረበ። ከኔ ዕድሜ ይበልጣል። ከኔው ድንጋይ የሚያንሰው በትንሹ ነው። ታዲያ ለምን ደበዘዘ... የሆነ ቦታ ተደብቆ ኖሮ ነው፣ ጨርቅ ውስጥ፣ ዘይት ያለበት..."

"ሌባ ይዞ ይሄዳል እንጂ ተክቶ ይሄዳል እንዴ?" አለች ሳጅኗ።

ኢንስፔክተሩ ቀለበቱን በግራ እጁ ይዞ ድንጋዩን በወረንጦ አስቀመጠው። ትንሽ አዞረው። ከጠርዙ አንድ ቦታ ላይ የተሸረፈች ነጥብ አለች፤ እሷ ከአንዱ ጥፍር ሥር ስትደርስ ድንጋዩ ቁጭ አለ። ከዚያ በኋላ ቢነካኩትም አልተነቃነቀም።

"ይሄ ድንጋይ ለዚህ ቀለበት በልክ አልተጠረበም" አለ ቀስ ብሎ። "ድሮም የዚህ ቀለበት ነው። እስክመለስ ድረስ ለማንም ትንፍሽ እንዳትል። ለፋርማሲውም ጭምር።"

ልብስ ሰፊዋ በሩን የከፈተችው ገና ሳይንኳኳ ነው። ኮቷን እስከ አንገቷ ቆልፋለች።

"ልመጣ ነበር" አለች። "ልጄ፣ እመነኝ አትመነኝ፣ ሦስቴ እበሩ ድረስ ደርሻለሁ። እግሬ ነው እምቢ ያለኝ።"

ኢንስፔክተሩ ገብቶ ተቀመጠ፤ ሳጅኗ መኪናው ውስጥ ቀርታለች። ልጇ ወደ ሥራው ሄዷል። አሮጊቷ መቀሱን ከስፌት መኪናዋ ላይ አነሳች፤ ከላይ ሁለተኛውን ቁልፍ በአንድ ምት ቆረጠችው፤ ልባሱን ተረተረች። ከጨርቁና ከቆርቆሮው መሃል አንድ ድንጋይ መዳፏ ላይ ወደቀ፤ ትንሽ ቢጫ ቢጫ የሚል።

"ይኼው የአንጥረኛው። አሮጌውም እዚሁ ነበር የኖረው፤ እዚሁ ቁልፍ ውስጥ።"

"አልወደቀም ማለት ነው።"

"የታባቱ ይወድቃል! እኔ ነኝ ያወጣሁት።" ተቀመጠች። "ሃያ ዓመት አልሞላኝም ነበር ልጄ። ባሌ ክፉ አልነበረም፤ ዝም ይል ነበር እንጂ። ጠዋት ዝም፣ ማታ ዝም። ግድግዳ ያገባሁ መሰለኝ። አንድ ቀን በቃኝ ብዬ በስፌት መተርተሪያዬ ጥፍሮቹን ፈለቀቅኩና ድንጋዩን አወጣሁ። ሸጬ በዚያ ልሄድ። እዚህ ኮት ቁልፍ ውስጥ ሰፋሁት፤ ኮቱን ለብሼ ጠዋት ልወጣ። ማታ ገብቶ ቀለበቱን አየ። ከዚያማ ልጄ የነገረህ ነው።"

"ተንበረከከ።"

"ተንበረከከ! አልጋ ሥር ሆኖ ስለ ልጅነቱ አወራኝ። ቱቦ እየፈታ ስለ እናቱ አወራኝ። እጁ እስከ ክርኑ ጭቃ ሆኖ ሲስቅ ጥርሱን መጀመሪያ ያየሁት ያኔ ነው። ከዚያ በኋላማ ዝም አላለም፤ እስኪሞት እንደ ሰው አወራኝ። እና እንዴት ብዬ ልንገረው? ዛሬ እነግረዋለሁ፣ ነገ እነግረዋለሁ ስል አረጀን። እሱ በየዓመቱ 'ሌላ አስገባልሻለሁ' ይላል፤ እኔ በየዓመቱ 'ምን ያደርግልኛል' እላለሁ። ድንጋዩ ደግሞ እዚህ ደረቴ ላይ።"

"ትናንትስ?"

"ልጄ ለዚያ ድንጋይ ብሎ እንቅልፍ አጥቷል። ከምርጫው በፊት አሮጌውን ከቁልፉ አውጥቼ ጓንቴ ውስጥ ይዤው ሄድኩ። መስኮቱ ጋ የአንጥረኛውን በጥፍሬ አላቅቄ የራሳችንን ሰሙ ላይ ለጠፍኩት። ሠርጉ ሲያልፍ አንጥረኛውን ብቻውን አግኝቼ 'እንካ ድንጋይህን፣ የልጄን ገንዘብ መልስ' ልለው። ለባዕድ ሰው መናገር አይከብድም። ሰውዬው መልሶ እንደሚመዝን እኔ በምን አውቄ?" ዓይኗን ጠረገች። "ያ ምስኪን በኔ ጦስ ታሠረ። የኔስ ይሁን፤ ልጄ ግን አባቱን የሚያውቀው በዚያ ጉልበቱ ነው። ሲንበረከክ እኔ ቆሜ እያየሁት፣ ድንጋዩ ኮቴ ላይ እንደነበር ሲሰማ ምን ይቀርለታል?"

ኢንስፔክተሩ ድንጋዩን ተቀብሎ በወረቀት ጠቀለለ። አዘነላት። ይህን ድንጋይ "ካዝናው ሥር ተገኘ" ብሎ ቢመልሰው ክሱ ይዘጋል፣ እሷም ታርፋለች። ግን የጎንበስ እጆች ትዝ አሉት።

"እማማ፣ ይሄን ድንጋይ ብቻ ይዤ ብሄድ ሰዎች 'ተገኘ' ይላሉ። 'አልሰረቀም' ግን አይሉም። እንደፈራ መለሰው ነው የሚሉት። ያ ሰው ከእጁ ሌላ የለውም።"

አሮጊቷ መቀሱን ወደ ቦታው መለሰች። ከዚያ ቁልፍ የጎደለውን ኮቷን በእጇ ገጠም አድርጋ ተነሳች።

"ልጄን ጥራልኝ" አለች። "እዚያው ወርቅ ቤቱ። ሁለቴ የምናገርበት አቅም የለኝም።"

ወርቅ ቤቱ ሳይዘጋ ሁሉም ተሰበሰቡ። ጎንበስ ብርድ ልብሱን አጥፎ ክንዱ ላይ ይዞ በሳጅኗ አጃቢነት ገባና ቦታው ላይ ቆመ። ልጁና እጮኛው መደርደሪያው አጠገብ ናቸው። አሮጊቷ መሃል ቆማ፣ ሳትቀመጥ፣ ሁሉንም ተናገረች። መስኮቱን፣ ሰሙን፣ ቁልፉን፣ መተርተሪያውን። መጨረሻ ላይ ወደ ልጇ ዞረች።

"አባትህን ጥዬው ልሄድ ነበር። አንተ ገና አልተወለድክም።"

ልጁ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። "ቱቦ ሲፈታ... ታውቂ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

ልጁ ጀርባውን ሰጥቷት ወደ መስኮቱ ሄደ። ሰፊ ትከሻው ከፍ ዝቅ ይላል። እጮኛው ልትከተለው ብላ ተወችው። አሮጊቷ እጇን ዘረጋች፣ ሳትነካው መልሳ ሰበሰበች።

አንጥረኛው ጉሮሮውን ጠረገ። "ጎንበስ... እንግዲህ ይቅርታ..."

"ጠዋት ስትጮህ ፋርማሲው ሰምቷል" አለ ኢንስፔክተሩ። "ይቅርታውንስ?"

አንጥረኛው ቀላ። ከዚያ በሩን ከፍቶ መንገዱ ላይ ወጣና በዚያው በጠዋቱ ድምፅ "ስሙኝ! ጎንበስ አልሰረቀም! እኔ ነኝ የተሳሳትኩት! መስታወት ከአልማዝ ያልለየሁት እኔ ነኝ!" ብሎ ጮኸ። ማዶ የነበሩት ወጥተው ቆሙ። አንዲት ሴት አጨበጨበች፤ ሌሎቹ ተከተሏት።

ጎንበስ ጭብጨባውን የሰማ አይመስልም። መብራቱን አብርቶ፣ ማጉያውን ዓይኑ ላይ አድርጎ፣ ቀለበቱን እያገላበጠ ነበር። እንባው አፍንጫው ጫፍ ላይ ደርሶ በእጅጌው ጠረገው።

"በመተርተሪያ ነው ያሉኝ እማማ?"

"በመተርተሪያ።"

"ለጽዳት የመጣ ዕለት ገርሞኝ ነበር። ድንጋይ በራሱ ሲወድቅ አንዱ ጥፍር ያልቃል፣ ወይ ይሰበራል። የእርስዎ ግን አራቱም እኩል ተፈልቅቀዋል፣ ጭረቱም ከውስጥ ነው። በማጉያ ያየ ሰው፣ ሆን ተብሎ እንደወጣ ወዲያው ነው የሚያውቀው።"

"ለምን አልነገርከኝም?" አለ ኢንስፔክተሩ።

"የሰው ቤት ነገር ነው ብዬ። ደግሞም አልጠየቁኝም።"

መስኮቱ ጋ ያለው ትከሻ ቆመ። ልጁ ዞረ። ፊቱ በእንባ ርሷል።

"በማጉያ?"

"በማጉያ።"

"እማዬ" አለ ልጁ። "አባዬ በማጉያ አይቶታል። መጀመሪያ ያደረገው እሱን ነው። አንቺው ነሽ የነገርሽኝ።"

አሮጊቷ መደርደሪያውን ያዘች። ያን ማታ ስንት ሺህ ጊዜ አስታውሳዋለች። ማጉያውም ሁልጊዜ ትዝ ይላታል። ምን እንዳየበት ግን አንድም ቀን አስባው አታውቅም።

"አይቶ ነው?" አለች። "ሰዓት ሠሪ... የፀጉር ስንጥቅ የሚያይ ሰው... አይቶ ነው የተንበረከከው?"

ጎንበስ ማጉያውን ከዓይኑ አወረደ።

"ይሄ ሰውዬ! አልጋ ሥር ገብቶ 'እዚህ የለም፣ እዚያ ልየው' ሲለኝ! የጎረቤት ቱቦ አስፈትቶ!" ሳቋ ከልቅሶዋ ጋር ተቀላቀለባት። "እንዳልሄድ ነበር እኮ! እየለመነኝ ነበር፣ በዚያ ጉልበቱ ሳምንት ሙሉ ሲለምነኝ ነበር። እኔ ደደቧ ድንጋይ የሚፈልግ መስሎኝ!"

ልጁ በሁለት እርምጃ ደርሶ አቀፋት። በእቅፉ ውስጥ ጠፋች፤ ግራጫው ኮት ብቻ ነበር የሚታየው። ሳጅኗ ወደ ጣሪያው አየች፤ ኢንስፔክተሩ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፣ ቀስ ብሎ፣ ከሚገባው በላይ ቆይቶ።

አንጥረኛው ከመንገድ ሲመለስ ሁለቱን ድንጋዮች ነጭ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠ። ነጋዴ አይደል፣ አላስቻለውም። "እውነቱን ለመናገር የኔው ይበልጣል። ይሄኛው የተሸረፈ ነው" አለ።

እጮኛዪቱ እስካሁን ያልተጠቀመችበትን ሙሽርነቷን ለአንድ ጊዜ ተጠቀመችበት። "ሙሽራዋ እኔ ነኝ አይደል? የተሸረፈውን" አለች።

ጎንበስ ሞረዱን ወደ ጎን ገፋው። ድንጋዩን አስቀምጦ፣ ሽራፊዋን ከጥፍሯ ሥር አግብቶ፣ አራቱን ጥፍሮች አንድ በአንድ ደፈነ።  ሲጨርስ ቀለበቱን በጨርቅ ጠርጎ ለአሮጊቷ ዘረጋላት።

"መስኮቱ ጋ ወስደው በቀን ብርሃን ይዩት እማማ።"

"አብሬያቸው ልቁም?" አለ ኢንስፔክተሩ፤ ጎንበስ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ።